እጁን የደበቀው ሠዓሊ
በ17ኛው መቶ ዓመት የመዳብ ቅርጽ ምስሎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሥነ ጥበብ የዘመኑ መስታወት ነው ይባላል። አባባሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ሰልችቶናል። ይልቅ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጥያቄ እናንሣ፤ መስታወቱን የያዘው ሰው መልኩ ምን ይመስላል? ንጉሡን፣ ጄኔራሉንና ጳጳሱን ሲስል የኖረ ሠዓሊ የሙያ ባልደረባውን ልሳል ብሎ በተቀመጠ ዕለት ምን አድርጎ ይስለዋል? ምን ያለብሰዋል? እጁ ላይ ምን ያስይዘዋል? ከሥሩስ ምን ብሎ ይጽፋል? ጥያቄዎቹ ላይ ላዩን ሲታዩ የልብስና የጌጥ ጥያቄዎች ይመስላሉ። አይደሉም። የሥራና የክብር ጥያቄዎች ናቸው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰፊ መልስ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ አንቶን ቫን ዳይክ የተባለው የአንትወርፕ ሠዓሊ ያዘጋጀው የምስሎች ስብስብ ነው። ስብስቡ በኋላ «ኢኮኖግራፊ» በሚል ስም ታውቋል። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቫን ዳይክ በ1599 አንትወርፕ ተወልዶ በ1641 ለንደን ውስጥ በ42 ዓመቱ ሞተ። በ1627 ከጣሊያን ከተመለሰ በኋላ የዘመኑን ታዋቂ ሰዎች መልክ በትንንሹ እየነደፈ፣ በመዳብ ቀራጮች እያስቀረጸ፣ በወረቀት እንዲባዛ አደረገ። ማርቲን ቫን ደን ኤንደን የተባለ የአንትወርፕ አሳታሚ 80 ምስሎች አወጣ። ከነዚህ 16ቱ መሳፍንትና የጦር አዛዦች፣ 12ቱ የመንግሥት ሰዎችና ሊቃውንት ናቸው። የቀሩት 52ቱስ? ሠዓሊያን፣ መዳብ ቀራጮች፣ ሐውልት ሠሪዎችና የሥዕል ወዳጆች ናቸው።

እስቲ ቁጥሯን ልብ እንበላት፤ ከ80 ውስጥ 52! በዚያ ዘመን አውሮፓ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እሳት ትነድ ነበር። ዋለንስታይን፣ ቲሊና የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በስብስቡ ውስጥ አሉ። በጦር ሜዳ የተፋለሙ ሰዎች በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ በወረቀቱም መጠን በአቀማመጡም ሳያንስ ፍራንስ ስናይደርስ ይመጣል። ስናይደርስ ማነው? የታደነ አውሬ፣ ዓሣና ፍራፍሬ የሚስል ሰው ነው። ገጹን ገልጦ የሚያየው ሰው ሠዓሊው ከጄኔራሉ በምን እንደሚያንስ ሊለይ አይችልም። የቫን ዳይክ ዓላማም ይኸው ነበር።

የእኛ አስተያየት ባጭሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሠዓሊያን እርስ በርስ የተከባበሩት ሥራቸውን በማሳየት ሳይሆን ሥራቸውን በመደበቅ ነው። ክብሩን አግኝተዋል። ዋጋውን ግን ከሁሉ ይልቅ የከፈለው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም መዳብ ቀራጩ ነው።

ሰም፣ መርፌና አሲድ

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ፤ ያለዚያ ሂሳችን አየር ላይ ይንሳፈፋል። በዚያን ጊዜ ምስልን በመዳብ የማባዛት ዋና ዋና ዘዴዎች ሁለት ነበሩ።

አንደኛው ቅርጽ ነው። ቀራጩ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ይወስድና ቡሪን በሚባል፣ ጫፉ በሰያፍ በተሳለ ብረት መስመር በመስመር ይቦረቡረዋል። ብረቱ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ወደ ፊት ይገፋል። መስመሩ እንዲታጠፍ ሲፈለግ ከታች ያለው ሰሌዳ ይዞራል። ጠንከር አድርገው ሲገፉት መስመሩ ይወፍራል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ይቀጥናል። ተቀርጾ ሲያበቃ ሰሌዳው ቀለም ይለቀለቃል፤ ገጹ ይጠረጋል፤ በተቦረቦረው ውስጥ የቀረው ቀለም በማተሚያው ግፊት እርጥብ ወረቀት ላይ ይነሣል። ሐሩ ሐር፣ ጸጉሩ ጸጉር፣ ጉንጩ ጉንጭ ሆኖ የሚታየው መስመሮቹ ሲቀራረቡ፣ ሲራራቁና ሲጠላለፉ ነው። ይኸ ትዕግሥትም፣ ጉልበትም፣ ዐይንም የሚጨርስ ሥራ ነው። የሳተ መስመር በቀላሉ አይፋቅም።

ሁለተኛውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አንባቢ የያዛት ይህች መጽሔት የተባዛችው በስቴንስል ነው። ስቴንስል በሰም የተለበጠ ወረቀት ነው፤ ሹል ነገር ሰሙን በገፈፈበት ቦታ ቀለም ያልፋል። በመዳብም ዘዴው የዚሁ ዘመድ ነው። ሰሌዳው በሰምና በሙጫ ይለበጣል፤ ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል፤ ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላዋል። ኤቺንግ የሚባለው ይኸ ነው። መርፌዋ ሰም ላይ እንደ እስክሪብቶ ስለምትሄድ እጅ ሳይታገል እንዳሻው ይጽፋል። ስለዚህ ቡሪን የዓመታት ልምምድ ያለውን ባለሙያ ሲጠይቅ፣ ኤቺንግን ግን ንድፍ የሚያውቅ ሠዓሊ ሁሉ ሊሞክረው ይችላል።

ቫን ዳይክ በሁለቱም ተጠቅሟል። አብዛኛውን ምስል በዘመኑ የታወቁት ቀራጮች፣ ማለት ሉካስ ቮርስተርማን፣ ፓውሉስ ፖንቲዩስ፣ ስኼልተ ቦልስወርት፣ ፒተር ደ ዮደ ልጁና ሮበርት ቫን ፉርስት በቡሪን ቀረጹለት። ጥቂት ምስሎችን ግን ራሱ በመርፌ ሠራቸው። የሚገርመው በገዛ እጁ ከሠራቸው መካከል የሚበዙት የጓደኞቹ፣ የሠዓሊያንና የቀራጮች መልኮች መሆናቸው ነው። ጄኔራሎቹን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ባልደረቦቹን ለራሱ አስቀረ።

ካባው

አሁን ምስሎቹን እንመልከት። ከ52ቱ ውስጥ ብሩሽ የያዘ እጅ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ታዲያ እጁ ምን ያደርጋል? ካባ ይሰበስባል። ወገብ ላይ ያርፋል። ደረት ላይ ይቀመጣል። በአየር ላይ ተዘርግቶ እንደሚናገር ሰው ያመለክታል። የእንግሊዙ አርክቴክት ኢኒጎ ጆንስ ወረቀት ይዟል፤ ወረቀት ደግሞ የሐሳብ ምልክት እንጂ የጉልበት ምልክት አይደለም። ድንጋይ ጠራቢ አቧራ አልነካውም፤ ሠዓሊ ቀለም አልፈሰሰበትም። ሁሉም ከግብዣ የመጡ፣ አለዚያም ወደ ግብዣ የሚሄዱ ይመስላሉ።

ይኸ ከየት መጣ? ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አንትወርፕ ውስጥ ሠዓሊ በቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የተመዘገበ የእጅ ሙያተኛ ነበር። ቫን ዳይክ ራሱ በ1618 በዚሁ ማኅበር ገና በ18 ዓመቱ አለቃ ሆኖ ተመዘገበ። ማኅበሩ ተለማማጁን ይቆጣጠራል፤ ማን ሊሠራና ሊሸጥ እንደሚችል ይወስናል። ያ ኅብረተሰብ ደግሞ ከጥንት በወረሰው ሚዛን ሙያን ሁለት ቦታ ይከፍላል፤ በአእምሮ የሚሠራ ነጻ፣ በእጅ የሚሠራ ዝቅተኛ ነው። ሰዋስው፣ ሎጂክና ጂኦሜትሪ ከነጻዎቹ ወገን ናቸው። ቀለም መበጥበጥስ? ሠዓሊያኑ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የተሟገቱት ለዚህች ጥያቄ ነው። «ሥራችን የአእምሮ ነው፤ እጅ ታዛዥ ብቻ ነው» አሉ። የሙግቱ ማስረጃ እንዲሆን እጃቸውን ከሥዕሉ አወጡ።

ሙግቱ ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። ሩበንስ በ1624 ከስፔን ንጉሥ የመኳንንት ማዕረግ አገኘ፤ በ1630 የእንግሊዙ ቀዳማዊ ቻርልስ የናይት ማዕረግ ሰጠው። ቫን ዳይክም በ1632 ከዚሁ ንጉሥ እጅ ይህንኑ ማዕረግ ተቀበለ። ካባው ባዶ ሕልም አልነበረም ማለት ነው።

ከቫን ዳይክ በፊትም ሠዓሊያንን በምስል የመሰብሰብ ልማድ ነበረ። በ1572 የአሳታሚው የሂሮኒሙስ ኮክ መበለት እዚያው አንትወርፕ ውስጥ 23 የኔዘርላንድ ሠዓሊያንን ምስል፣ ዶሚኒኩስ ላምፕሶኒዩስ በላቲን ከገጠመላቸው ስንኞች ጋር አሳተመች። በ1610 ሄንድሪክ ሆንዲዩስ ስብስቡን አስፋፍቶ እንደገና አወጣው። የ1572ቱ መጽሐፍ ግን የሙታን መታሰቢያ ነበር። የቫን ዳይክ አዲስነት በሕይወት ያሉትን፣ ጎረቤቶቹን፣ መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰዎች ከነገሥታት ጋር ማሰለፉ ነው። ስንኙንም አስቀረው። ስም፣ ሙያና ከተማ ብቻ ከሥሩ ይጻፋል፤ ሌላውን ፊቱ ይናገር ተባለ። ይህን እንደ ትልቅ ድፍረት እንቆጥርለታለን።

ቮርስተርማን፣ ወይም ከሥር የተጻፈው ስም

እስካሁን ያነሣነው የድሉን ታሪክ ነው። አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ።

የዚያን ዘመን የመዳብ ቅርጽ ግርጌ ያየ ሰው ሦስት የላቲን ቃላት ያገኛል። «ፒንክሲት» ማለት እገሌ ሣለው ነው። «ስኩልፕሲት» እገሌ ቀረጸው ነው። «ኤክስኩዲት» እገሌ አሳተመው ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ስሞች። ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ክብሩን ይወስዳል፤ የመጨረሻው ገንዘቡን ይወስዳል፤ የመካከለኛው ዐይኑን ይጨርሳል።

ይህን አልቀበልም ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ሉካስ ቮርስተርማን። በ1595 ተወለደ። ወጣት ሳለ ከሩበንስ ጋር መሥራት ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታትም ሠራ። ሩበንስ ሥዕሎቹን በመዳብ ለማባዛት ሰፊ ዕቅድ ነበረው። በ1619 እና በ1620 ማንም ሰው ቅጂውን እንዳይቀዳበት በስፔን ሥር ከነበረችው የደቡብ ኔዘርላንድ፣ ከፈረንሳይና ከሆላንድ መንግሥታት ፈቃድ አውጥቶ ነበር። ቮርስተርማን ቀለም የሌለው ቀለም ሰጠው፤ የሩበንስን እሳት በጥቁር መስመር ብቻ አሳየለት። ከዚያ ተጣሉ። በ1622 ሩበንስ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በቀራጩ አመል ምክንያት ሥራው መቆሙን ያማርራል። የቀራጩ ጥፋት ምን ነበር? ለእነዚህ ኅትመቶች ዋጋ የሚሰጣቸው የኔ ጥበብና የኔ ስም ነው ማለቱ ነው! በዚያው ዓመት የሩበንስ ወዳጆች ሕይወቱ ያሰጋል ብለው መንግሥት እንዲጠብቀው እስከማመልከት ደረሱ። ቮርስተርማን አገር ለቆ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በቦታው ፖንቲዩስ ገባ።

ከዚህ ጠብ ማን ትክክል ነበር ብለን ዳኛ ልንሆን አንችልም። ሩበንስም ሐሳቡ የኔ ነው ሲል አልዋሸም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሠዓሊያን «እኛ ባለ እጅ አይደለንም» ብለው ሲነሡ መሰላሉን አልሰበሩትም፤ ወጡበት እንጂ። ወጥተው ሲያበቁ ከሥራቸው ሌላ ሰው አገኙ። በአእምሮና በእጅ መካከል ያለው አጥር አልፈረሰም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። ዱሮ በሊቁና በሠዓሊው መካከል ነበር፤ አሁን በሠዓሊውና በቀራጩ መካከል ሆነ።

የ«ኢኮኖግራፊ» ትልቅነት ግን እዚህ ላይ ነው። ቮርስተርማን በ1630 ገደማ ወደ አንትወርፕ ተመለሰ። ቫን ዳይክ ተቀበለው፤ በ1631 የቮርስተርማንን ሴት ልጅ አንቶኒያን ክርስትና አነሣት። ክርስትና ማንሣት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ዝምድና እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ቫን ዳይክ በዚያ አላቆመም። የቮርስተርማንን መልክ ለሌላ ቀራጭ ሳይሰጥ በገዛ መርፌው ሠራው። ሰውየው ካባውን ተከናንቦ ቆሟል። ፊቱ ወደ ጎን ነው፤ እኛን አያይም። በዚያ ፊት ላይ ኩራትም አለ፣ ቂምም አለ፣ ድካምም አለ። ለጌጥ የተጨመረ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። ሠዓሊው ለቀራጩ «አንተም ከእኛ ነህ» ሲለው በቀራጩ መሣሪያ በቡሪን ሳይሆን በወዳጅ ደብዳቤ እጅ ጽሑፍ ነገረው።

ይሁንና እዚህም ቡሪኑ የለም! በመላ አውሮፓ ስሙን ያስጠራው ብረት በምስሉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ክብር እንዲሰጠው ከሥራው መለየት ነበረበት። የሮበርት ቫን ፉርስት ምስል ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ቫን ዳይክ ነደፈው፤ ቫን ፉርስት የራሱን ፊት ራሱ ቀረጸው። በዓይነ ሕሊና እንየው፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጉንጩን፣ ጢሙንና የዐይኑን ብሌን በብረት መዳብ ላይ ሲቦረቡር፣ የሚቀርጸው ሰውዬ ደግሞ በሕይወቱ ብረት ነክቶ የማያውቅ ጌታ ሲመስል። በምስሉ ላይ የሚታየው ሁሉ የቡሪን ሥራ ነው፤ የማይታየው ቡሪኑ ብቻ ነው።

አንባቢ «ታዲያ ምን ያድርጉ? የተናቀ ሰው ካባ ቢለብስ ይፈረድበታል?» ሊለን ይችላል። አይፈረድበትም። እኛም ካባውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ካባው የተገዛበትን ዋጋ አለማየትን ነው። ደግሞም ለፍትሕ ሲባል መናገር ያለበት ነገር አለ፤ ጊሊስ ሄንድሪክስ በ1645 ስብስቡን ወደ 100 ምስሎች አሳድጎ ሲያወጣ የሽፋኑ ርዕስ መሳፍንትን፣ ሊቃውንትንና ሠዓሊያንን ከጠራ በኋላ መዳብ ቀራጮችን በሙያቸው ስም ለይቶ ይጠራል። ይኸው ሽፋን የቅርጹን ወጪ ቫን ዳይክ ራሱ እንደቻለ ይናገራል። ቀራጭ ከመሳፍንት ጋር በአንድ ርዕስ ሥር! ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1660፣ የፈረንሳዩ 14ኛው ሉዊ በሴን ዣን ደ ሉዝ ባወጣው ድንጋጌ የመዳብ ቅርጽ ከማኅበር ደንብ ውጭ የሆነ ነጻ ጥበብ ነው ተባለ። ቮርስተርማን ይህን ሲሰሙ ከደረሱት ነው፤ የሞተው በ1675 ነው።

ያልተጨረሰው ራስ

ከስብስቡ ሁሉ ይበልጥ እኛን የሚያነጋግረን የቫን ዳይክ የራሱ ምስል ነው። በትልቅ ባዶ ሰሌዳ ላይ፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ አንድ ራስ ብቻ ተነድፏል። ሰውየው በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያየናል። ጸጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጢሙ አለ፤ የአንገትጌው ፍንጭ አለ፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ካባ የለም። እጅ የለም። ባዶ ወረቀት ነው። ባዶነቱ ግን ጉድለት ሆኖ አይሰማም። ዐይናችን ፊቱ ላይ ይቆይና ወደ ነጩ ሲወርድ መርፌዋ የቆመችበትን ቦታ ያያል። ሥራው በሂደት ላይ እንዳለ ተያዘ። እጁን በካባ የደበቀው ሠዓሊ እዚህ ላይ፣ እጁን ሳይስል፣ እጁን አሳየን።

ከሞቱ በኋላ ምን ሆነ? ያቺው ሰሌዳ ለ1645ቱ እትም ሽፋን ተፈለገች። ያኮብ ኔፍስ የተባለ ቀራጭ ቡሪኑን አንሥቶ ባዶውን ሞላው። ራሱን አንገት ሰጠው፤ ትከሻ ሰጠው፤ ከዚያም ሐውልት አድርጎ ድንጋይ ላይ አቆመው፤ በድንጋዩ ላይ ርዕሱ ተጻፈ። ዞር ብሎ ያየን የነበረው ሕያው ሰው አሁን እብነ በረድ ሆነ። ኔፍስ መጥፎ ባለሙያ አልነበረም፤ የታዘዘውን በሚገባ ሠርቷል። የስናይደርስንም ምስል የጨረሰው እሱ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው ውዳሴ አንድን ሰው እንዴት እንደሚያደነድነው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የፒተር ብሩጌል ልጁን ምስልም እዚህ ላይ እንጥቀስ። ይኸ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የታላቅ አባቱን ሥዕሎች እየቀዳ በመሸጥ ይታወቃል። ዓለም «የእገሌ ልጅ» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። ቫን ዳይክ ግን ፊቱን በጥቂት ነጠብጣብና ጭረት ሠራለት፤ ልብሱን በጥቂት መስመሮች ብቻ አለፈው፤ ከኋላው ምንም አላኖረም። ከአባቱ ጥላ የሚያወጣው ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ቫን ዳይክ ባልደረባውን ሲያከብር አላስበለጠውም፤ አተኩሮ አየው እንጂ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

መዶሻው ጠረጴዛ ላይ ነው

ከአንትወርፕ በስተ ሰሜን፣ በአምስተርዳም፣ ሬምብራንት በዚያው መርፌና በዚያው አሲድ ሌላ መልስ ይፈልግ ነበር። በ1639 የሠራው የራሱ ምስል የቫን ዳይክ ወገን ነው። የጥንት መኳንንት ልብስ ለብሶ፣ ክንዱን በድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ በኩራት ያየናል። በዚያው ዓመት አምስተርዳም ውስጥ ራፋኤል የሣለው የካስቲልዮኔ ምስል በጨረታ ሲሸጥ ሬምብራንት ነድፎት ነበር፤ አቀማመጡን ከዚያ ተምሯል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1648፣ ያ ጌታ የለም። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ኮፍያ የደፋ፣ ተራ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው አለ። ከሥራው ቀና ብሎ ያየናል። እጁ መሣሪያውን እንደያዘ ነው። ክብሩ ቀነሰ? እኛስ ጨመረ እንላለን።

እርግጥ እሱም ሁልጊዜ አንድ መንገድ አልያዘም። የሠዓሊውን የያን አሰላይንን ምስል በ1647 ገደማ ሲሠራ መጀመሪያ ከኋላው የሥዕል ማቆሚያ ከነሥዕሉ አስቀምጦ ነበር፤ በኋለኞቹ ቅጂዎች ግን ፍቆ አጠፋው። በአምስተርዳምም መሣሪያን የመፋቅ ፈተና ነበር ማለት ነው። በ1656 የአንጥረኛውን የያን ሉትማን መልክ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ የብር ሳህን፣ የመምቻ ብረቶችና መዶሻ ይታያሉ። ለነገሥታት ከሚሠራው ዙፋን የማይተናነስ ወንበር ነው፤ መዶሻው ግን አልተደበቀም። ሉትማን የተከበረው ከነመዶሻው ነው። ምስሉ የተሠራበት ዓመት ሬምብራንት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ንብረቱን ለፍርድ ያስረከበበት ዓመት ነው። ካባ ሊያበድር የማይችል ሰው የሠራው ምስል ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ባለ እጅ ቃል

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን የታወቀውን ብቻ እንናገር። የአንትወርፕ መዳብ ወደ አገራችን ደርሷል። በ1593 እዚያ የታተመው የናዳል የወንጌል ምስሎች መጽሐፍ በኢየሱሳውያን እጅ መጥቶ ሠዓሊዎቻችን ተጠቅመውበታል፤ በ1591 ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር የብራና ሠዓሊያን ምሳሌ ሆነዋል። የእኛ ሠዓሊ ከባሕር ማዶ የመጣውን መስመር ወስዶ በራሱ ቀለም የራሱ አደረገው። ራሱን ግን አልሣለም። በሥዕሉ ግርጌ የሚታየው ያሠራው ሰው ነው፤ እንደ ናርጋ ሥላሴዋ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ። ስማቸው የደረሰን ሠዓሊያን፣ እንደ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመኑ ፍሬ ጽዮን ያሉት፣ ጥቂቶች ናቸው።

ቋንቋችን ደግሞ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። አማርኛ በእጁ የሚሠራውን ሰው «ባለ እጅ» ይለዋል። ቃሉን ብቻውን ብናየው ከዚህ የበለጠ ክብር የት ይገኛል? የእጅ ባለቤት ማለት ነው! ዳሩ ግን ኅብረተሰቡ ስድብ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። የአንትወርፕ ሠዓሊ ከባለ እጅነት ለመሸሽ ካባ ሲለብስ የሸሸው ከምን እንደነበር ከእኛ የተሻለ የሚረዳው አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ የጽሑፋችን መደምደሚያ ወደ ራሳችን ሙያ ይመጣል። ሥነ ጽሑፍም የራሱ ካባ አለው። በየመጽሔቱ ስለ ባልደረባ ደራሲ ሲጻፍ «ተሰጥኦ»፣ «ምጡቅ»፣ «ልዩ ፍጡር» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ። አንዲት ስንኝ ስንት ጊዜ ተሰርዛ እንደተጻፈች፣ ታሪኩ የቱ ላይ አልይዝ ብሎ እንዳታገለ፣ ቃሉ ከየት ሠፈር እንደተለቀመ ግን አይነገርም። ይኸ ሂስ አይደለም፤ የኔፍስ ሥራ ነው። ያልተጨረሰውን ሕያው ራስ ወስዶ በድንጋይ ላይ ማቆም ነው። ተቃራኒው፣ ማለት ጓደኛን ለመጣል ብቻ መጻፍም እንደዚሁ ፊቱን አያሳይም። እውነተኛ ሂስ ቫን ዳይክ ብሩጌልን ያየበት ዐይንና ሬምብራንት የሉትማን መዶሻ ያላነሣበት እጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሥራውን ከነመሣሪያው አሳይቶ ሰውየውን ማክበር።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይከተላል፤ አንባቢያን ይወያዩበት። የመዳብ ቅርጾቹ ግርጌ ሦስት ስም ነበረበት፤ የሣለው፣ የቀረጸው፣ ያሳተመው። በስቴንስል በሚባዙ መጽሔቶች ግርጌ የሚወጣው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የጸሐፊው። ሌሊቱን ታይፕ ላይ ተቀምጦ ፊደሉን ሰም ላይ የመታው፣ የሳተውን ፊደል በቀለም ደፍኖ እንደገና የመታው፣ ማባዣውን ሲያዞር እጁ ጥቁር የሆነው ሰው ስም የለውም። ቮርስተርማን ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጣላበትን ነገር እኛ ያለ ጠብ ልንፈታው እንችላለን። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ እገሌ ጻፈው፣ እገሌ መታው፣ እገሌ አባዛው ተብሎ ይውጣ። ሦስት ስም ሦስት መስመር ነው፤ ብዙ ቀለም አይፈጅም።